ሰርግ በሌለበት በሁዳዴ ሙዚቀኛ በምን ይኖራል?

ክራር_ደርዳሪ ጻፈ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ሁዳዴ ከገባ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ከቅበላ እሑድ ወዲህ ለሥራ የደወለልኝ ሰው የለም። ጥር ላይ እኮ ለአንዲት ቅዳሜ ሦስት ቤተሰብ «ቀኑን ለእኛ ስጠን» ብሎ ለምኖኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ በክራር መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሞላኝ። በሳምንት አምስት ሌሊት ቦሌ አካባቢ አንድ የባህል ምግብ ቤት እጫወታለሁ። በወቅቱ ሰርግ አለ። ሲገኝ ስቱዲዮ እገባለሁ። ከሦስቱ ቤቴን የሚያቆመው ሰርጉ ነው። የአንድ ሰርግ ክፍያ ከምግብ ቤቱ የሁለት ሳምንት ደሞዝ ይበልጣል። ስለዚህ የእኔ ዓመት የሚቆጠረው በአጽዋማት ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ሰርግ የለም። ከጥምቀት ማግስት እስከ ቅበላ እንቅልፍ የለም። ከዚያ 55 ቀን ዝምታ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ይሞቃል፣ ክረምቱ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ አለ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። በመጀመሪያው ዓመት የጥርን ገንዘብ እዚያው ጥር ላይ ጨርሼ፣ መጋቢት ላይ የቤት ኪራይ ሲጠፋኝ ነው የገባኝ።

ምግብ ቤቱም ቢሆን በጾም አይሞላም። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ሲቀር ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ዘንድሮ ፕሮግራሙን ከአምስት ሌሊት ወደ ሁለት አወረዱት። የሚከፈለንም አብሮ ወረደ። የተነገረን በዋዜማው ነው፣ ያውም በስልክ መልእክት። እኔን የከነከነኝ ይኸኛው ነው። ሁዳዴ ድንገት አይመጣም። የሚገባበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቤቱ ለተጋቢኖውና ለበየዓይነቱ ከወር በፊት ይዘጋጃል። ለተጫዋቹ ግን የሚያስብለት የለም።

እናንተ እነዚህን 55 ቀናት እንዴት ነው የምታልፏቸው? የምታደርጉትን በዝርዝር ጻፉልኝ። ለእኔም፣ ዘንድሮ አዲስ ለገቡት ልጆችም ይጠቅማል።

ኪቦርድ_ሰሚት ጻፈ፦

ወንድሜ ልክ ብለሃል። እኛ ባንዱ ውስጥ ሰባት ነን። ሦስት ዓመት ሆነን፣ ከየሰርጉ እያንዳንዳችን ከአሥር ብር አንዷን እናስቀምጣለን። ገንዘብ ያዡ ድራመራችን ነው። ለራሱም ቢሆን አያበድርም። የቅበላ ሳምንት ቁጭ ብለን እንካፈላለን። ዕጣ ስለሌለው እቁብ አንለውም፣ ግን የሁለት ወር ኪራይ ይወጣዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለታችን አኩርፈን ነበር። አሁን ቀድሞ የሚያዋጣ እኔ ነኝ።

ሌላው፣ ሁሉም ሰርግ አይቆምም። የፕሮቴስታንት ሰርግ በዚህም ጊዜ ይኖራል። መዝሙር የሚችል ኪቦርድና ቤዝ ይፈለጋል። ምሽት ክለብ የሚሠራ ሰው የማያስገቡም አሉ። አስቀድሞ በግልጽ መናገርና ውሳኔያቸውን ማክበር ነው። የሙስሊም ሰርግ በሌላ ዓመት ያግዘን ነበር። ዘንድሮ ረመዳንም አብሮ ስለገባ እሱም ቆሟል።

በገና_አስተማሪ ጻፈ፦

የእኔ ነገር ተቃራኒ ነው። ለበገና ሰዎች ሁዳዴ ጥራችን ነው። ዓመቱን ሙሉ አምስት ስድስት ተማሪ ነው ያለኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤቴ ይሞላል። የባንክ ሠራተኛው፣ ሐኪሟ፣ የኮሌጅ ተማሪው ከሥራ መልስ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ፋሲካ ሲደርስ ይጠፋሉ። ሁለት ወይም ሦስቱ ይቀራሉ። ለእነሱ ነው የማስተምረው።

ክራር የምትችሉ ልጆች ግን «ጾም ነውና በገና እንያዝ» ብላችሁ በአንድ ሳምንት አትግቡበት። አሥር አውታር ነው። አውታሩ ከበግ አንጀት ነው። ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚወጣው እንዚራ የምንላቸው ትናንሽ ቁራጭ ቆዳዎች በአውታሩና በበርኩማው መሐል ገብተው ነው። ቆዳዋ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ፈቀቅ ካለች ድምፁ ይታፈናል። አንዳንድ ቀን ሙሉ ትምህርቱ እሷን ማስተካከል ብቻ ይሆናል።

ደግሞም ሁለት ሥራ መያዝ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ነበር። በደርግ ጊዜ ትምህርቱ ሲቋረጥ ፒያሳ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከፍተው ኖሩ። በገናውን ግን አላስቀመጡትም።

የግንቦት_ሙሽራ ጻፈ፦

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ግንቦት ላይ እያገባሁ ነው። ቅር እንዳይላችሁና አንድ ነገር ልጠይቅ። የባህል ባንድ ዋጋ ስጠይቅ ደነገጥኩ። ለአራትና ለአምስት ሰዓት ጨዋታ ይህን ያህል ለምን ይሆናል? ደግሞ ግማሹን አሁን ክፈል ይሉኛል።

ክራር_ደርዳሪ ጻፈ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ጥያቄህ ተገቢ ነው። ባለፈው ጥር የሠራሁትን አንድ ቅዳሜ ልንገርህ።

አርብ ማታ ምግብ ቤት ነበርኩ። ቤቴ የገባሁት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ራይድ ጠርቼ ወጣሁ። ሰው ከመግባቱ በፊት ድምፅ ይፈተሻል። ክራር በአዳራሽ ውስጥ አስቸጋሪ ነው። ማይኩን ብታቀርብለት ያፏጫል፣ ብታርቀው ከድራሙ ሥር ይሰጥማል። ለዚህ ነው ከራሴ ኪስ ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ድምፅ ማጉያ የሚያደርስ ዕቃ፣ ያስገጠምኩለት። ሙሽሮቹ 7 ሰዓት ይገባሉ ተብሎ ፎቶ ላይ ቆይተው 9 ሰዓት ተኩል ገቡ። እኛ ከጠዋት ጀምሮ ልብሳችንን ለብሰን ቆመናል። ምሳ የበላነው ሁሉም ከበላ በኋላ ነው።

አሁን ሰው የማያየውን ላሳይህ። ዘፋኙ በትዝታ ሜጀር ቅኝት እየተጫወተ ነው። የሙሽራዋ አያት ከወሎ ናቸውና አምባሰል ተጠየቀ። ኪቦርድ ቢሆን ጣቱን ቀይሮ ይሄዳል። የእኔ ክራር ግን ስድስት ክር ነው፣ የታሰረውም በአንድ ቅኝት ነው። ከትዝታ ሜጀር ወደ አምባሰል ለመሻገር ሦስት ክር መንካት አለብኝ። ሁለቱ ይላላሉ፣ አንዱ ይጠብቃል። አዳራሹ እያጨበጨበ ነው። የራሴን ድምፅ አልሰማም። ጉንጬን ከክራሩ ምሰሶ ላይ ለጥፌ ንዝረቱን በአጥንቴ እየሰማሁ ቃኘሁ። ዘፋኙ በመሲንቆ ብቻ ሁለት ስንኝ አወጣልኝ። በሦስተኛው ገባሁ። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አያቲቱ ነጠላቸውን አደግድገው ሲነሡ አየሁ። ሌላው ሰው ዞር ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

የምትከፍለው ለዚህ ነው። ቀብዱን ደግሞ የምንጠይቀው ስለማናምንህ አይደለም። ያን ቀን ለአንተ ስይዝ ሌሎችን እምቢ እላለሁ። አንድ ጊዜ ያለ ቀብድ ቀን ይዤ፣ ሰርጉ በሁለት ቀን ቀርቶት «ዲጄ አግኝተናል» ተብያለሁ። በዚያ ወቅት ሌላ ሥራ ከየት ይመጣል? ግማሹን ክፈል፣ ደረሰኝ ወይም የቴሌብር መልእክቱን ያዝ፣ ስንት ሰዓት ተጀምሮ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ በአንድ ወረቀት ይጻፍ። አንተንም ይጠብቅሃል።

የግንቦት_ሙሽራ ጻፈ፦

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ምሳችሁን ቀድማችሁ እንድትበሉ ለእናቴ እነግራታለሁ።

ባለመሲንቆ_ጎንደሬ ጻፈ፦

ቀብድን ካነሣችሁ አባቴ የሚሏትን ልጨምር። ባለሰርጉ ቀብድ ረስቶ ሲመላለስ ካዩት ቀስ ብለው እንዲህ ይሉታል፦

ጠጁም ደረሰልን፣ ጠላው ተጠመቀ፣
የክራሩ ቀብድስ ወዴት ላይ ወደቀ።

ሰውየው ሳይቆጣ ይከፍላል። ግጥም የማይደፍረው ቦታ የለም።

የእኔ ችግር ከሁዳዴም ይሰፋል። ካዛንቺስ ነበር የምሠራው። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ብትመጡ መሲንቆ የማይሰማበት ቅያስ አልነበረም። ከአንዱ ቤት ወጥተህ ሌላው ትገባለህ። አንድ ሌሊት ሦስት ቤት እዞር ነበር። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቶቹ ተበተኑ። የአዝማሪና የባህል ቤቱ ፈንድቃም ከነበረበት ተነሣ። አንዳንዱ ሰው ሌላ ሰፈር ከፍቷል። ግን የአዝማሪ ቤት እንደ ሱቅ ዕቃ ጭነው የሚያዛውሩት ነገር አይደለም። ደንበኛው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠኝ ስለሚያውቀኝ ነው። እኔም ከማን ጋር ተጣልቶ እንደታረቀ፣ ልጁ ምን እንደተመረቀ አውቃለሁ። ግጥሙ ከዚያ ነው የሚወጣው። አዲሱ ቦታ ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፀኛል እንጂ ግጥም አይሰጠኝም። የእኛ ደሞዝ ደግሞ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሽልማት ነው።

ለሁዳዴ የማደርገው አንድ ነው። ጎንደር ገጠር እሄዳለሁ። አባቴን በእርሻ አግዛለሁ። ማታ ማታ እሳቸው የሚያውቁትን የድሮ ግጥም እይዛለሁ። ዘንድሮ መንገዱ ስለሚያስፈራ ገና አልወሰንኩም።

እስክስታዬ ጻፈች፦

የኔን ሁዳዴ ልንገራችሁ። ተወዛዋዥ ነኝ። እኛ ከተጫዋቾቹም በታች ነው የሚከፈለን። በአንድ ሌሊት ጉራጌ፣ ወሎ፣ ትግራይ፣ ኦሮሞ፣ ጎንደር፣ ወላይታ እንጫወታለን። በየመሐሉ ልብስ ለመቀየር ያለን ጊዜ አንድ ዘፈን ነው። ጓዳዋ ጠባብ ናት። አንዷ የሌላዋን መቀነት ታስራለች፣ ሌላዋ ጫማ ታቀብላለች። ጉራጌውን የጨረስንበት ላብ ሳይደርቅ ወሎ ላይ ፈገግ ብለን እንወጣለን።

ዳንስ ጉልበት ይበላል። ዘንድሮ 29 ዓመቴ ነው። ደረጃ ስወርድ ግራ ጉልበቴ ይጮኻል። ሐኪሙ «ሁለት ወር ዕረፊ» አለኝ። ሁዳዴ ባይኖር ያን ዕረፍት የሚሰጠኝ አልነበረም። ስለዚህ ለእኔ ክፉም ደግም ነው። ቀን ቀን ሽሮ ሜዳ ዘመዴ ሱቅ ቀሚስ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ ለሴቶች እስክስታ እንደ ስፖርት አስተምራለሁ። ይህን ያሰበችልኝ ጎረቤቴ ናት። መጀመሪያ አራት ሆነው መጡ፣ አሁን አሥራ ሰባት ናቸው።

የሚከብደኝ የሌሊቱ መንገድ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ትራንስፖርት ቤቱ ካልሰጠ ያገኘሁት ገንዘብ ለታክሲ ያልቃል። አከራዬ «ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ከልጄ ጋር ጋበዝኳትና መጥታ አየች። ከዚያ ወዲህ በሩን ራሷ ትከፍትልኛለች። እህቶቼ፣ ሥራ ስትዋዋሉ ከደሞዙ በፊት «ማታ የሚያደርሰን መኪና አለ ወይ?» በሉ።

ክራር_ደርዳሪ ጻፈ፦

እህቴ፣ የመኪናውን ነገር እኛ ወንዶቹ አንሥተን አናውቅም። ይህ ጥፋት ነው። የሚቀጥለው ውል ላይ አብረን እናነሣዋለን።

ጡረተኛ_ትራምፔት ጻፈ፦

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። እኔ ፖሊስ ኦርኬስትራ ትራምፔት የነፋሁ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ ሙዚቀኛ ማለት ተቀጣሪ ማለት ነበር። ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ አገር ፍቅር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነበሩ ቤቶቹ። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ግን ሁዳዴም ገባ ፋሲካም ሆነ፣ በወሩ መጨረሻ ይከፈላል። በምትኩ ነፃነት አልነበረንም። ማታ ክለብ ተደብቆ የሚጫወት ነበር፣ ሲያዝም ይቀጣል። ሸክላ በግል ማሳተም የተጀመረው አምሃ እሸቴ በ1961 ደፍሮ ሲነሣ ነው።

በኋላ የሆቴል ባንዶች መጡ። ዋልያስ ሂልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል ነበሩ። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ሙዚቃው የቆመ ይመስላችኋል? ሰው ከሰዓት እላፊው በፊት ይገባና በሩ ይዘጋል። እስኪነጋ መውጣት የለም። እኛም እስኪነጋ እንጫወታለን። ሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ከንፈሬ አብጦ ትራምፔቱን አልይዝልህ ይለኝ ነበር። ያኔ ሳክስፎኑ ይሸከመኝና እኔ አጨበጭባለሁ። በሚቀጥለው ሌሊት እኔ እሸከመዋለሁ።

ስለዚህ ያ ሰባት ሆነው የሚያዋጡት ልጆች ነገር ደስ ብሎኛል። እኛ ጡረታ የሚባል ነገር ስለነበረን አላሰብንበትም። እናንተ ግን የላችሁም።

ኪቦርድ_ሰሚት ጻፈ፦

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። ያን የሌሊት ሥራ በዝርዝር ቢጽፉልን ስንቱ ይማርበታል።

የሜሪላንዱ_ቤዝ ጻፈ፦

ከዚህ ከዋሽንግተን አካባቢ ነው የምጽፈው። እዚህም ሁዳዴ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉት ምግብ ቤቶች ቅዳሜ ማታ ባንድ ያስገባሉ፣ በጾም ግን ይቀንሳሉ። ሰርግም ይቆማል። ልዩነቱ እዚህ ማንም በሙዚቃ ብቻ እኖራለሁ ብሎ አይነሣም። እኔ ሰኞ እስከ ዓርብ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ።

ጋሼ ዋልያስን ካነሡ አይቀር፣ ኃይሉ መርጊያን አስቡ። ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ ቀረ። ለዓመታት ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነድቷል። ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ ተራ እስኪደርሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። በ2013 በፈረንጆች የድሮ ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዓለም ጠራው። ሲጠራ ጣቱ አልዛገም ነበር። እኔም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ገዝቼ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። በምሳ ሰዓት ሃያ ደቂቃ እጫወታለሁ።

ስቱዲዮ_ሰው ጻፈ፦

እኔ ቀረጻ ነው የምሠራው። ስለ ስቱዲዮ ሥራ ማንም አላነሣም። በሁዳዴ ዘፋኞች ለፋሲካና ለክረምት የሚያወጡትን ስለሚያዘጋጁ ስቱዲዮ ሥራ አለ። ግን ክራር የሚጠራው እየቀነሰ ነው። የክራር ድምፅ ኪቦርድ ውስጥ ተጭኗል፣ ርካሽ ነው፣ አይቆጣም፣ አያረፍድም። እኔ ግን ጆሮዬ አይቀበለውም። ክራር ሲገረፍ ያልተነካው ክር ራሱ ይነዝራል፤ በጣት የታፈነውም «ጥፍ» ይላል። ያ በቁልፍ አይመጣም። ስለዚህ አቀናባሪዎችን «ቢያንስ መግቢያውን በሰው እናስመታው» እያልኩ እለምናለሁ።

ለተጫዋቾች የምለው፣ ስቱዲዮ ገብታችሁ ገንዘብ ተቀብላችሁ ብቻ አትውጡ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ደራሲውን ብቻ አይደለም። በድምፅ ቅጂው ላይ የተጫወተውንም ያውቀዋል። በ2007 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ግን ወረቀት ከሌለህ አዋጁን ይዘህ ወዴት ትሄዳለህ? የዘፈኑ ስም፣ ቀኑ፣ የተጫወትከው መሣሪያ፣ የተከፈለህ፣ ስምህ ዩቲዩቡ ላይ ይጻፍ አይጻፍ፣ ሁለት ፊርማ። ግማሽ ገጽ ነው። በሁዳዴ ጊዜ ስላላችሁ ባለፈው ዓመት የተጫወታችሁትን ሁሉ በደብተር መዝግቡ።

ክራር_ደርዳሪ ጻፈ፦

ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ መዘገብኩ። በ11 ዓመት 64 ዘፈን ላይ ተጫውቻለሁ። ስሜ የተጻፈባቸው ዘጠኝ ናቸው። እስከ ዛሬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ደሴ_ልጅ ጻፈ፦

ጋሽዬ፣ 21 ዓመቴ ነው። ደሴ ነው ያለሁት። ክራር ከአጎቴ ነው የተማርኩት። ባቲና አምባሰል ላይ እጄ ጥሩ ነው ይሉኛል። ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ልመጣ አስቤያለሁ። ይህን ሁሉ ሳነብ ግን ፈራሁ። ልምጣ ወይስ ልተወው?

ክራር_ደርዳሪ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ መፍራትህ ጥሩ ነው። ና፣ ግን እኔ እንደመጣሁት አትምጣ። እኔ አንድ ቦርሳና አንድ ክራር ይዤ፣ የማውቀው ሰው ሳይኖር መርካቶ አውቶቡስ ተራ ነው የወረድኩት።

አንተ ከፋሲካ በፊት አትምጣ። ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ ሰርግ ስለሚበዛ ባንዶች ሰው ይጎድላቸዋል፤ ያኔ ነው ተተክቶ መግባት የሚቻለው። የሦስት ወር ኪራይ ሳትይዝ አትነሣ፣ ምክንያቱም ሰኔ ላይ ሥራው መልሶ ይቀንሳል። የጉራጌና የኦሮሞ ምት አሁኑኑ ተለማመድ። ወሎን ትችላለህ፣ ምግብ ቤት ግን በአንድ ሌሊት አገሩን ሁሉ ያዞርሃል። ሁለተኛ ክራር ብታገኝ አንዱን በትዝታ፣ አንዱን በአምባሰል ቃኝተህ ትይዛለህ። ያየኸው የእኔ ጭንቅ ከዚያ የመጣ ነው። ያሬድ መግባት ከቻልክ ደግሞ ግባ። እዚያ ክራር ራሱን ችሎ ይሰጣል፣ ኖታም ታነባለህ። ኖታ ባለማንበቤ ያለፉኝን ሥራዎች አሁንም አስባቸዋለሁ።

ለአጎትህ ሰላም በልልኝ። የሚያውቁትን የአምባሰል አገራረፍ በስልክ ቀርፀህ ይዘህ ና። እዚህ እየጠፋ ነው።

እስክስታዬ ጻፈች፦

ደሴ፣ ስትመጣ ሽሮ ሜዳ ሱቃችን ብቅ በል። የሚከራይ ክፍል የሚያውቁ ሴቶች አሉ።

ክራር_ደርዳሪ ጻፈ፦

ሆሳዕና ነው ዛሬ። ይህን ከከፈትኩ ስድስት ሳምንት ሊሞላ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

በገና አስተማሪው ጋ ሄድኩ። ለመማር ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ሁለት የክራር ጀማሪ ተማሪዎች ሰጠኝ። አንዷ የ12 ዓመት ልጅ ናት። እጇ ትንሽ ስለሆነ ጣቷ ሁሉም ክር ላይ አይደርስም፣ ግን የተሳሳተ ድምፅ ስትሰማ ፊቷን ታጨማድዳለች። ጆሮ አላት።

ምግብ ቤቱን ሦስት ሆነን አነጋገርን። የሚቀጥለው ዓመት የጾም ደሞዝ አንድ ወር ቀድሞ እንዲነገረን በጽሑፍ ተስማሙ። የሌሊት መኪናውን «እናያለን» ብለዋል። እኛም ከፋሲካ በኋላ እንመለስበታለን።

የዳግም ትንሣኤ ሰርግ ቀብድ ትናንት በቴሌብር ገባ። የግንቦቱ ሙሽራም ደውሎልኛል። ዛሬ ከሰዓት ስድስቱንም ክር ቀየርኩ። አዲስ ክር እስኪለምድ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ ጠዋትና ማታ እየቃኘሁት ነው።